ስልኩ ይስማ፣ ተማሪው ይጻፍ

ያስረከበችኝ ድርሰት አራት መስመር ነበር። "አያቴ ጥሩ ሰው ናት። በጣም እወዳታለሁ። እሷም ትወደኛለች። ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።" በቃ። ስለሚያውቁት ሰው እንዲጽፉ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰጥቻቸው ነበር። ልጅቷ ግን ከዚያ በላይ አልሄደችም።

ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረኋት። ልቆጣት አልነበረም። "እስቲ ስለ አያትሽ ንገሪኝ" አልኳት። ጀመረች። የአያቷ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ሰው የሚለዩት በኮቴው ነው። ማን እንደመጣ በሩ ሳይከፈት ይናገራሉ። የተከፋ ሰው አረማመድና የተደሰተ ሰው አረማመድ እንደሚለያይ ለልጅቷ አስተምረዋታል። አንድ ቀን ፈተና ወድቃ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆና ስትገባ፣ ገና ሳትቀመጥ "ምነው፣ እግርሽ ከበደ?" ብለዋታል። ይሄን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተቀየረ። እኔም ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ ሰማኋት።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን አልጻፍሽውም?"

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ወሬ ነው። ድርሰት አይደለም።"

ይህ መልስ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። ያንን ያስተማርኳት እኔ ነኛ! መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ እያልኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ። በቀይ እስክሪብቶ ፊደል እየከበብኩ ደብተር መልሻለሁ። ልጅቷም የምታወራበት ቋንቋና የምትጽፍበት ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አመነች። አንደኛው ሕይወት አለው። ሁለተኛው ነጥብ ማግኛ ነው።

በሚቀጥለው ቀን ስልኳን አውጥታ ድምፅ መቅጃውን እንድትከፍት ነገርኳት። "ትናንት ለኔ የነገርሽኝን ለስልኩ ንገሪው። ከዚያ እያዳመጥሽ ጻፊው።" ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት ገጽ ይዛ መጣች። ቴክኖሎጂን ለጽሕፈት ትምህርት መጠቀም የጀመርኩት እንዲህ ነው። በኋላ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። የሠራልኝ አለ፣ ያልሠራልኝም አለ። ሁለቱንም ልንገራችሁ። መምህራን፣ ልጆቻቸውን የሚያግዙ ወላጆችና ራሳቸውን የሚያስተምሩ ሰዎች የሚጠቅማቸውን ይወስዱበታል።

መጀመሪያ በቅጂው ልቆይ፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነውና። አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው ሦስት ደቂቃ ያህል ያወራል። ለማንም አይደለም የሚያወራው፣ ወይም ለሚወደው ሰው እንደሚናገር ያስባል። ከዚያ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ካለው ያደርጋል፣ ከሌለው ጥግ ይይዛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ሰምቶ ያቆመዋል። የሰማውን በእጁ ይጽፋል። እንደገና ይከፍታል። እስከ መጨረሻው እንዲህ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ግልባጭ አያምርም። "እና ከዛ"፣ "ማለቴ"፣ "ምናምን" ሞልቶበታል። ይሁን። ዋናው ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ስናወራ አንድን ነገር በሌላው ላይ እየቀጠልን እንሄዳለን። "ተነስታ፣ በሩን ከፍታ፣ ወጥታ፣ አይታኝ፣ ተመልሳ..." ጆሮ ይህን አይጠላም። ድምፃችን መንገዱን ያሳያልና። ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን የአማርኛ ዋና ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ አንባቢው እስከዚያ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ሰባት ስምንት ግስ ከተደረደረ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ይህንን በሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። የራሳቸውን ድምፅ እየጻፉ ሲደርሱበት ግን እኔ ማስረዳት አላስፈለገኝም። "ቲቸር፣ እዚህ ጋ አራት ነጥብ የት ነው የማደርገው?" ብለው ራሳቸው ጠየቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ አፍ እስኪወጣ ድረስ ስለ አራት ነጥብ ማስተማር ትርፉ ድካም ነው ብዬ አምናለሁ።

ግልባጩን ማሽን እንዲሠራው አላደርግም ነበር፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ብዙ ሰው "ለምን ጊዜ ታባክናለህ፣ ስልኩ ራሱ ይጽፈው የለ?" ይለኛል። ልክ ነው፣ ጎግል በ2017 በአውሮፓ አቆጣጠር አማርኛን በድምፅ ከሚጽፋቸው ቋንቋዎች ውስጥ አስገብቷል። ነገር ግን ተማሪው የራሱን ድምፅ እየሰማ ሲጽፍ የሚያደርገው ምርጫ ሁሉ ትምህርት ነው። የትኛውን ቃል ልተው? ይሄን እንዴት ነው የሚጽፉት? እዚህ ጋ ለምን ዝም አልኩ? ማሽኑ ከጻፈለት እነዚህን ጥያቄዎች አያገኛቸውም።

ሐሳቤን ያለሳለሰው አንድ ጎልማሳ ተማሪ ነው። በልጅነታቸው ትምህርት አቋርጠው፣ በትልቅነት ማታ ማታ የሚማሩ ሰው ናቸው። ፊደል ያውቃሉ። እጃቸው ግን ቀርፋፋ ነው። አንድ ቃል ጽፈው እስኪጨርሱ የሚቀጥለው ሐሳብ ይጠፋባቸዋል። "መምህር፣ ጭንቅላቴ ይሮጣል፣ እጄ ይጎተታል" አሉኝ። ለእሳቸው በድምፅ መጻፊያውን ከፈትኩላቸው። የመጀመሪያ አንቀጻቸውን ስክሪኑ ላይ ሲያዩ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ "ይሄ የኔ ነው?" አሉ። ከእሳቸው በኋላ ሕጌን ቀየርኩ። እጁ ሐሳቡን ለማይከተልለት ሰው መሣሪያው እጅ ይሁነው። ለሌላው ግን ራሱ ይጻፍ።

የድምፅ መጻፊያው የሚያወጣው ጽሑፍ ጉድለቱ ብዙ ነው። ሥርዓተ ነጥብ የለውም። ቃል ይስታል። ስም ያበላሻል። መጀመሪያ ያናደደኝ ይህ ነገር ኋላ ላይ ከምወዳቸው መልመጃዎች አንዱ ሆነ። ስልኩ ያወጣውን፣ ነጥብም ሰረዝም የሌለውን አንድ ገጽ ለሁለት ለሁለት ተማሪ እሰጣለሁ። "ሰው የጻፈው አስመስሉት" እላለሁ። ሐሳብ የት እንደሚያልቅ ይከራከራሉ። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የሚለያዩበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ስልኩ ሌላ ቃል ያደረገውን ቃል ከዐውዱ ገምተው ይመልሳሉ። ሁለት ቡድን አንዱን ገጽ በተለያየ ነጥብ ከፍሎት ትርጉሙ ሲለያይ ክፍሉ ይሟሟቃል። የሥርዓተ ነጥብ ትምህርት ሲሟሟቅ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ተቃራኒው ነው። ማሽኑ እንዲያነብልን ማድረግ። አሁን ስልክና ኮምፒውተር ጽሑፍን በድምፅ ያነባሉ፣ አማርኛ የሚያነቡም አሉ። ጥቅሙ ምንድን ነው? ሰው የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው የሚያነበው። የጎደለች ቃል ብትኖር ዓይኑ ሞልቶ ያልፋታል። ማሽኑ ግን ያሰበውን አያውቅም። ያለውን ብቻ ያነባል። ቃል ከተደገመ ይደግመዋል፣ ከጎደለም ጎድሎ ይሰማል። ተማሪዎቼን አንድ ሥራ ከማስረከባቸው በፊት አንድ ጊዜ አስነብበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲሰሙት አደርጋለሁ። እኔ ሳላያት የሚታረመው ስህተት ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። አንዱ ተማሪ "ልጁ ሁልጊዜ ይመታል" ብሎ ጽፏል። እሱ ሊል የፈለገው ልጁ ሌሎች እንደሚመቱት ነው። ማሽኑ አላልቶ አነበበውና ልጁ መቺ ሆነ። ተማሪው ተናደደ። "ተሳስቷል!" አለ። ማሽኑ ግን አልተሳሳተም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ከፊደል በላይ የሚደረግ የማጥበቂያ ምልክት በሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፣ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ግን ማንም አይጠቀምበትም። ስናወራ በድምፃችን የምንለየውን ነገር ስንጽፍ በሌላ ነገር መለየት አለብን። በዙሪያው ባሉ ቃላት። ልጁ ጥቂት አሰበና "ልጁን ታላላቆቹ ሁልጊዜ ይመቱታል" ብሎ አስተካከለው። "ይሰማል"፣ "አለ"፣ "ዋና" የሚሉትን ቃላት አንስተን የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜ በሙሉ በዚህ ጨረስነው። ደካማ አንባቢ የሆነ ማሽን ጥሩ የጽሕፈት አስተማሪ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የማያዝንልህ አንባቢ ስለሆነ።

አማርኛን ለሚማሩ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ግን በዚህ ጥንቃቄ አድርጉ። እነሱ የማሽኑን አነባበብ እንደ ትክክል ይወስዱታል። ለእነሱ የሰው ድምፅ ቅዱልኝ። ራሴ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ እቀዳላቸዋለሁ፣ አንዴ ቀስ ብዬ፣ አንዴ እንደወትሮዬ። እነሱም የራሳቸውን ቀድተው ከኔ ጋር እያመሳከሩ ያዳምጡታል። ጰ እና ፐን፣ ጠ እና ተን መለየት የቻሉት እኔ ሳርማቸው አይደለም። የራሳቸውን ድምፅ ከኔ ድምፅ አጠገብ ሲሰሙት ነው።

አሁን ወደ ትንሿ መሣሪያ ልምጣ። ፍለጋ። ማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ቃል መፈለጊያ አለ። ተማሪው የራሱን ሥራ ከፍቶ "በጣም" ብሎ ይፈልጋል። አንዷ በአንድ ገጽ ውስጥ አሥራ አራት አገኘች። እኔ "በጣም አብዝተሻል" ብላት ትከራከረኝ ነበር። ቁጥሩን ራሷ ስታየው ዝም ብላ መሰረዝ ጀመረች። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ የሚደጋግመው ቃል አለው። የራሱን ቃል ፈልጎ እንዲያገኝ ማድረግ አሥር ጊዜ ከመምከር ይሻላል።

በዚያው ፍለጋ የሞክሼ ፊደላት ነገር ወጣ። አንድ ተማሪ በአንድ ድርሰት ውስጥ አንዴ "ዓለም"፣ አንዴ "አለም"፣ አንዴ "ዐለም" ብሎ ጽፏል። ሲፈልግ ማሽኑ አንዱን ብቻ አገኘለት። "ሌሎቹን ለምን አያያቸውም?" አለኝ። ምክንያቱ ይህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ለኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ለማሽኑ ግን ሀ ከመ የሚለየውን ያህል ሀ ከሐም ይለያል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። እኔ በዚህ ጉዳይ "የግዕዙን አመጣጥ ጠብቁ" ብዬ የማስጨንቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻ ያዙት እላለሁ። ድሮ ይሄ ባዶ ጥንቃቄ ይመስላቸው ነበር። ጽሑፋቸው ተፈልጎ መገኘት አለመገኘቱ የሚወሰነው በዚህ እንደሆነ ሲያዩ ራሳቸው የቃላት መዝገብ አዘጋጁ። ማስታወሻ ላይ "ድምፅ እንጂ ድምጽ አንልም፣ ሥራ እንጂ ስራ አንልም" እያሉ የክፍሉን ስምምነት ይጽፋሉ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች፣ ሁለት ጊዜ በመጫን ይጽፈዋል። ለዓይን ይመሳሰላል። ለማሽኑ ግን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደለም፣ ሲያነብልንም በቦታው አያርፍም። ትክክለኛው ምልክት በአማርኛ ኪቦርድ ላይ አለ። የት እንዳለ በመጀመሪያው ቀን አሳዩአቸው።

በጋራ የሚከፈት ሰነድ፣ ለምሳሌ ጎግል ዶክስ፣ የማረሚያ ልማዴን አጋለጠብኝ። መጀመሪያ ስጠቀምበት ደስ ብሎኝ ነበር። የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ቀረ፣ ማረም ፈጠነ። በአንድ ገጽ ላይ ሠላሳ አርባ አስተያየት እደረድር ጀመር። ከዚያ ሰነዱ ላይ ማን መቼ ምን እንደቀየረ የሚያሳየውን የለውጥ ታሪክ ስከፍት አንድ ተማሪ እርማቶቼን በሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ "ተቀበል" እያለ እንዳለፋቸው አየሁ። አንዱንም አላነበበም። ሥራው ንጹሕ ሆነ፣ ልጁ ግን ምንም አልተማረም። ያጸዳሁለት እኔ ነኛ።

አሁን ጽሑፋቸው ውስጥ ገብቼ አንድም ፊደል አልቀይርም። ችግር ያለበትን መስመር ቀለም እቀባዋለሁ። ምን እንደሆነ አልናገርም። እነሱ ይፈልጉታል። አብዛኛውን ጊዜ ያገኙታል። ያላገኙትን በአንድ ላይ እናየዋለን። ከዚያ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ የድምፅ መልዕክት እልክላቸዋለሁ። በመልዕክቱ ውስጥ እንደ አንባቢ የነካኝን አንድ ቦታ እነግራቸዋለሁ፣ የሚጠገን ነገር ደግሞ ቢበዛ ሁለት። ሁለት ብቻ ማለት ለኔ ከባድ ነበር። ስህተት እያየሁ ማለፍ ያቃጥለኛል። ግን ሁለቱ ይታረማሉ። ሠላሳው አይታረምም። ድምፅ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ የማይሸከመውን ነገር ይሸከማል። "ይሄ ግልጽ አይደለም" የሚለው በጽሑፍ ስድብ ይመስላል። በድምፅ ሲባል ግን ልጁ እንደማልቆጣው ይሰማል። አንዷ ተማሪ መልዕክቴን አራት ጊዜ እንደሰማችው ነገረችኝ። የጻፍኩትን አስተያየት አራት ጊዜ ያነበበ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

ቃላት በማስጠናት ላይ ብዙ አልቆይም። በጊዜ ክፍተት እየደጋገሙ የሚያስጠኑ የካርድ አፖች ጥሩ ናቸው። ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊ የመርሳትን ፍጥነት በራሱ ላይ እየለካ ያሳተመው በ1885 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ አፖቹም የተመሠረቱት በዚያው ሐሳብ ላይ ነው። ይሠራሉ። ችግሩ ተማሪዎቼ ቃሉንና ትርጉሙን በደንብ እያወቁ ሲጽፉ አይጠቀሙበትም። ስለዚህ ካርዱን ቀየርኩት። ቃልና ትርጉም ሳይሆን ከራሳቸው ጽሑፍ የተወሰደ ዓረፍተ ነገር አደርጋለሁ፣ አንድ ቃል ተነሥቶለት። የራሱን ዓረፍተ ነገር የሚሞላ ሰው ቃሉን ይዞት ይቀራል።

አሁን ከባዱ ጉዳይ። የተጠየቀውን የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ቻትጂፒቲ፣ ለሕዝብ የተለቀቀው በኅዳር መጨረሻ 2022 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት፣ በተለይ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ሥራዎች ጠባያቸው ተቀየረ። ስህተት የላቸውም። ሰውም የላቸውም። ደነገጥኩ። በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ እለያለሁ የሚል አንድ ፕሮግራም አገኘሁና የተማሪዎቼን ሥራ እያስገባሁ ማየት ጀመርኩ።

አንዱን ልጅ ጠራሁት። ፕሮግራሙ ሥራው የማሽን ነው ብሏል። "አንተ አልጻፍከውም" አልኩት። ልጁ አልተከራከረም። አንገቱን ደፋ። ዝምታውን እንደ ማመን ወሰድኩበት። ዜሮ ሰጠሁት። ማታ ላይ አንድ ነገር ከንክኖኝ የሰነዱን የለውጥ ታሪክ ከፈትኩ። ሁለት ሌሊት ሠርቷል። አንድን አንቀጽ ስድስት ጊዜ ጽፎ ሰርዟል። ቃል በቃል ሲፈልግ፣ ሲመለስ፣ ሲሳሳት ይታያል። ያ ሁሉ ልፋት ፊቴ ላይ ነበር፣ እኔ ግን አላየሁትም።

በማግስቱ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅርታው የሠራሁትን አይሽረውም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የሚጽፈው አጭር አጭር ነበር። ኋላ ሳነብ በ2023 በአውሮፓ አቆጣጠር የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ ፕሮግራም ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አንሥቶታል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎችም እንዲህ ያሉ መለያዎች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎች የጻፏቸውን ድርሰቶች ከግማሽ በላይ የማሽን ናቸው ብለው እንደሚሳሳቱ በዚያው ዓመት አሳይተዋል። ምክንያቱ ያሳዝናል። በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂትና የተለመዱ ናቸው። ጥንቃቄው ማሽን ያስመስለዋል። መምህር ሆይ፣ እባክህ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ቃል ተማሪን አትክሰስ። እኔ ዳግመኛ አልከፈትኩትም።

በምትኩ ምን አደርጋለሁ? ሥራውን ከድምፅ ቅጂው ጋር እቀበላለሁ። ረቂቆቹን አብረን እናያለን። "ይሄን ለምን ሰረዝከው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ራሱ የጻፈ ልጅ ለዚህ መልስ አያጣም፣ እንዲያውም ማስቆም ያቅታል። ነጥቡ ግማሽ የሚሆነው ለመጨረሻው ጽሑፍ ሳይሆን ለመንገዱ ነው። እንዲህ ከሆነ ወዲህ ኮፒ አድርጎ የሚያመጣ ቀንሷል። ስለፈሩ አይመስለኝም። የሚያወሩበት ነገር ስላላቸው ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ግን ከክፍሌ አላባረርኩትም። ሁለት ቦታ ሰጥቼዋለሁ። አንደኛው ጠያቂነት ነው። ተማሪው ረቂቁን ያስገባና እንዲህ ብሎ ያዘዋል፦ "ጽሑፌን አታርም፣ አትጻፍልኝም። እንደማያውቀኝ አንባቢ ሆነህ ያልገባህን አምስት ጥያቄ ብቻ ጠይቀኝ።" ከሚመጡት አምስት ጥያቄዎች ሁለቱ ከንቱ ይሆናሉ። ሦስቱ ግን ተማሪውን ወደ ረቂቁ ይመልሱታል። ሌሊት ላይ እኔ በሌለሁበት ሰዓት የሚጠይቅ አንባቢ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ቦታ ጽሑፉ በተማሪዎች የሚታረምበት ነው። ማሽኑ በአማርኛ የጻፈውን አንቀጽ አውጥቼ "ሰው እንዲህ ይላል?" ብዬ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ችግር የለውም ይላሉ። ቀስ ብለው ማየት ይጀምራሉ። ላይ "አንቺ" ብሎ ታች "አንተ" ይላል። "ቁልፍ ሚና ይጫወታል" ይላል። አንዷ "ሚና የሚጫወተው ማን ነው? እኛ ቤት እንዲህ የሚል ሰው የለም" አለች። "እኛ ቤት ምን ይባላል?" አልኳት። አሰበችና "ያለሱ አይሆንም" አለች። ሦስት ቃል የነበረው ሁለት ቃል ሆነ፣ ነፍስም ዘራ። ይህን መልመጃ ለአንድ ወር ያህል ደጋግመን ስንሠራ የራሳቸውን ጽሑፍም በዚሁ ጆሮ መስማት ጀመሩ።

ለትንንሽ ልጆች ግን ፊደሉን በእጃቸው እስኪያውቁት ድረስ ኪቦርድ አልሰጥም። ኪቦርዱ ሰባቱን ቅርጽ ደርድሮ ያሳያል፣ ልጁ መምረጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ለ እንዴት ሉ እንደሚሆን፣ ሊ እንዴት እግር እንደምታወጣ በጣቱ ሊያውቀው ይገባል። እኔ በዚህ አልደራደርም።

ስልክ የሌለው ተማሪ ይኖራል። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣምሯቸው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ቀድቶ ያዳምጥና ይጽፍለታል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ድምፅ መቅጃ ኢንተርኔት አይፈልግም። ድምፁ ደግሞ የተማሪው ነው። ሥራው ሲያልቅ አብረን እናጠፋዋለን። ያለ ፈቃዱ ለሌላ ማሰማት፣ ወደ ሌላ መላክ የለም። ልጅ ከሆነ ወላጁ አስቀድሞ ይወቅ። ተማሪ ድምፁ የት እንደሚደርስ ካላወቀ ለስልኩም ቢሆን እውነቱን አይናገርም።

ያቺ ተማሪዬ ስለ አያቷ የጻፈችውን ለወራት ስታሻሽል ቆየች። ነጥብ ከተሰጠበት በኋላ እንኳ አልተወችውም። አንድ ማታ ላነብላቸው ነው ብላ ነገረችኝ። አያቷ ማንበብ አይችሉም፣ ስለ ራሳቸው የተጻፈ ነገርም ሰምተው አያውቁም። በማሽኑ እንዳታስነብብላቸው ነገርኳት። "እንዴ ቲቸር፣ እኔ ነኝ እንጂ የማነብላት!" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሰነዱን ከፈትኩት። የለውጥ ታሪኩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ለውጥ ያሳያል። "በር ላይ ቆሜ" የሚለው ተሰርዞ "ደጅ ቆሜ" ሆኗል። ጎኑ ላይ አጭር ማስታወሻ ትታለች፦ "አያቴ ናት ያረመችው።"